የአያቴ የሲኒማ ፖስተሮች፦ ላዩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ላንሳት ወይስ ትቆይ?

የዶሮ ማነቂያዋ፦
ሰላም ሰዎች። አያቴ ነፍሱን ይማረውና ድሮ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውት ነበር፣ ሰፈራችን ሲፈርስ እቃ ስናወጣ ከቁምሳጥን ጀርባ በጋዜጣ የተጠቀለሉ 11 ፖስተሮች አገኘን። ሰባቱ ጣሊያንኛ፣ ሦስቱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ የህንድ። አሁን 4 ኪሎ አክስቴ ቤት አልጋ ስር ናቸው (እሷ በየቀኑ "ይሄን ቆሻሻ መቼ ነው የምትወስጂልኝ" ትለኛለች)። ትልቁን ጣሊያንኛ ስለካው 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ40 ሆነ፣ ስምንት ቦታ ታጥፏል፣ ጥግ ጥጉ ላይ የስፒል ቀዳዳ አለ፣ የሆነ ቦታ ደግሞ ስኮች ተለጥፎበት ቢጫ ሆኗል። ከታች በኩል "ቅዳሜና እሁድ በ9 ሰዓት" የምትል በእጅ የተጻፈች ጠባብ ወረቀት ተለጥፋበታለች። ቸርችል ጎዳና አሮጌ እቃ ለሚሸጥ ሰውዬ ሳሳየው ወረቀቷን በእንፋሎት አንሺያት፣ ከዛ ላሚኔት አስደርጊውና ጥሩ ዋጋ እሰጥሻለሁ አለኝ። ላድርገው እንዴ? ኦሪጅናል መሆኑንስ በምን ይታወቃል?

ፍሬም ሰሪው፦
ኧረ በናትሽ ላሚኔት የሚባል ነገር እንዳታስቢው!! ፕላስቲኩ በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ይጣበቅና በቃ አይላቀቅም፣ ከዛ በኋላ ፖስተር ሳይሆን ሜኑ ነው የሚሆነው። ስኮቹንም አትንኪው፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ስለገባ ስትጎትቺው ቀለሙን ይዞልሽ ይመጣል። እጥፋቱ ብዙ አያሳስብሽ፣ በዛ ዘመን ፖስተር ለሲኒማ ቤት የሚላከው ታጥፎ ነው፣ አሜሪካኖቹም እስከ 1980ዎቹ በፈረንጅ ድረስ እንደዛ ነበሩ፣ እንደውም ምንም እጥፋት የሌለው የ60ዎቹ ፖስተር ሲያሳዩኝ ነው እኔ የምጠራጠረው። ይልቅ እጥፋቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ በመስኮት ብርሃን አንጻር ያዢና እዪው፣ እንደ ኮከብ ብርሃን ካሳለፈ እዛ ጋ ወረቀቱ ተበልቷል ማለት ነው። ቀለሙንም እዪ፣ ፀሐይ የቆየበት ፖስተር ቀዩና ቢጫው ይሸሽና ሰማያዊ ሰማያዊ ብቻ ይሆናል፣ ያ ደግሞ በምንም አይመለስም። ሰብሳቢዎቹ ከ1 እስከ 10 ነው ነጥብ የሚሰጡት፣ እንዳልሽው ከሆነ የስፒል ቀዳዳና አንድ ስኮች ብቻ ያለበት 6 ወይ 7 ያገኛል ብዬ እገምታለሁ ሳላየው።

ወረቀቷን ግን በባለሙያ ብታስነሺያት ጥሩ ነው፣ ለውጭ ገዢ እንደ ጉድለት ነው የምትቆጠረው።

ጋሽ ወረቀት፦
ልጄ፣ ፍሬም ሰሪው ስለ ላሚኔቱ ልክ ብሏል፣ ስለ ወረቀቷ ግን አልስማማም። ያ ፖስተር ጣሊያን አገር በብዙ ኮፒ የታተመ ነው፣ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን የምትነግርሽ እሷ ብቻ ናት፣ እሷን አንስተሽ ምን ልትሸጪ ነው? አክስትሽም ቆሻሻ ማለቷ ደግ ነው፣ ድሮማ ፊልም የሚታይበትን "የሰይጣን ቤት" ነበር የሚሉት።

ኦሪጅናልነቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካኖቹን ለኪያቸው። የድሮው መደበኛ መጠን 69 በ104 ሴንቲ ገደማ ነው፣ 61 በ91 ከሆነ ግን ለመኝታ ቤት ግድግዳ የተሸጠ ነው። ከታች በቀኝ በኩል 62 ተብሎ እዝባር ተደርጎ ሌላ ቁጥር ካለ የናሽናል ስክሪን ሰርቪስ (ድሮ የአሜሪካ ፊልም ፖስተሮችን ለሲኒማ ቤት ያከፋፍል የነበረ ድርጅት) ምልክት ነው፣ 62ቱ በፈረንጅ ዓመቱ ነው፣ ከፊቱ አር ፊደል ካለበት ፊልሙ እንደገና ሲወጣ የታተመ ነው። ጣሊያንኛው ላይ ደግሞ ከታች በደቃቅ የማተሚያ ቤቱ ስም ይኖራል፣ እዛው ዓመቱ ካለ ፊልሙ ከወጣበት ዓመት ጋር አመሳክሪው። ከዚያ የሐሰት ብር የሚለዩበትን ሰማያዊ መብራት ለምነሽ ማታ አብሪበት፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ማንጫ (ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል) አለው። በፈረንጅ ከ1950ዎቹ ወዲህ ፋብሪካዎች ማንጫ መጨመር ስለጀመሩ ለ60ዎቹ ፖስተር ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ለ40ዎቹ ግን ክፉ ምልክት ነው።

የዶሮ ማነቂያዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ሰፈር ካለው ሱቅ መብራቱን ተውሼ አየሁት፣ ጣሊያንኛዎቹ ደብዘዝ እንዳሉ ናቸው፣ ከእንግሊዝኛዎቹ አንዱ ግን እንደ ዲስኮ ቦግ አለ 😂 በእጄ ስዳስሰው ደግሞ ወረቀቱ ለጥ ያለ ነው፣ እጥፋቱ ለካ ታትሞበት ነው!! አጎቴን ስጠይቀው ከውጭ ሲመጣ ለአያቴ ያመጣለት ስጦታ ነው አለኝ፣ አያቴም አውቆ ይሁን ሳያውቅ አብሮ አስቀምጦታል።

ወረቀቷን አልነካኋትም። ትናንት አክስቴ ቡና እያፈላች ትልቁን ስዘረጋው መጥታ አየችው፣ ዝም ብላ ቆየችና "ይሄ 9 የአባዬ እኮ ነው፣ እንዲህ ጭራውን ጠምዝዞ ነው የሚጽፈው" አለች። አሁን ማንም ከዚህ ቤት አይወስደውም ብላኛለች ስለዚህ ሽያጩ ቀርቷል። ግን አልጋው ስር እርጥበት አለ ክረምቱም እየመጣ ነው፣ በምን ላስቀምጠው?

ፍሬም ሰሪው፦
እሺ ተሸነፍኩ። መጀመሪያ ከመሬት አንሺው፣ ቁምሳጥን ላይ ይሁን ግን ከውጪው ግድግዳ ራቅ አድርጊው። ጋዜጣውን ጣይው፣ አሲድ ስላለው ፖስተሩን የሚበላውና የሚያጠቁረው ራሱ ነው፣ አሲድ የሌለው ወረቀት ካገኘሽ በየመሀሉ አድርጊበት። ድሮ እንደታጠፈ ይተኛ፣ በግድ ጠቅልለሽ ቱቦ ውስጥ እንዳትከቺው እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ናፍታሊን ደግሞ እንዳይነካው።

ጋሽ ወረቀት፦
የአጎትሽንም አትጣይው፣ ከነሱ ጋር ይቀመጥ።