ታይሚንግ ቺንጋ ቤት ይቀየር ወይስ ለጋራዥ ይተው?

ባለ ኮሮላው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ወንድማችን «ታይሚንግ ቺንጋን ከመካኒክ በቀር ማንም መንካት የለበትም» ብሎ ነበር። ታይሚንግ ቺንጋ ማለት ክራንክን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) እና ካምሻፍትን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አስማምቶ የሚያዞር ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው። እኔ አልስማማም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ባለቤቱ ሞተሩን ካላወቀ ማን ያውቅለታል? 4ኤ-ኤፍኢ ወይም 5ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለው የድሮ ኮሮላ እኮ ቺንጋው ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይሰበርም።

የናፍጣ መካኒክ፦ ወንድሜ፣ በኮሮላህ ለሁሉም አትፍረድ። ላንድክሩዘር 1ኤችዜድን፣ ሃይሉክስ 5ኤልን፣ 2ኤልና 3ኤል ሞተር የጫኑትን ሚኒባሶች አስብ። እነዚህ የናፍጣ ሞተሮች አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚጨምቁ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ለተከፈተ ቫልቭ ቦታ አይተርፍም። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። ያው ቺንጋ የናፍጣ ፓምፑንም ያዞራል፤ ጥርስ ከሳተ መኪናው በግድ ይነሳል፣ ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል። ይህን ዩቲዩብ አይቶ ቤቱ የሚሞክር ሰው ያሳዝነኛል።

ባለ ቪትዝ፦ ልጠይቅ። የእኔ ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል። አንድ ሰው «ታይሚንግ ቺንጋ ነው፣ ይቀየር» ብሎ ዋጋ ነገረኝ።

ባለ ኮሮላው፦ እህቴ፣ እንዳትከፍዪ! ቪትዝ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ነው ያለው፣ የጎማ ቺንጋ የለውም። ጠዋት ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ውጭ ያለው የዲናሞ ቺንጋ ነው፤ ወይ ላልቷል ወይ አርጅቷል። ክርክሬ ይኸው ነው። ይህቺ እህት ይህን ብታውቅ ኖሮ ማንም አያታልላትም ነበር።

የቴክኒክ አስተማሪ፦ ምርመራና ቅየራ ተደባልቀውባችኋል። ምርመራውን ማንም ሰው ግቢው ውስጥ ይችላል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው ይነቀል። የላይኛው ሽፋን በብዙዎቹ ላይ በ10 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። ቺንጋውን በባትሪ መብራት እዩት፤ ስንጥቅ፣ የተቦጨቀ ጥርስ፣ ዳሩ ላይ የተፈታ ክር። ዘይት ነክቶት ከሆነ ገና አዲስ ቢሆንም ይቀየር፤ ዘይት ጎማውን ያበሰብሰዋል። ዘይቱን ያፈሰሰው የካምሻፍት ወይም የክራንክ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ካልተለወጠ ደግሞ አዲሱም ቺንጋ አይቆይም። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ያለ ወትሮው ቀልሎትና ፈጥኖ ይዞራል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ያኔ «እስቲ አንዴ» እያሉ የማስነሻ ቁልፉን መደጋገም የተረፈውን ቫልቭ መጨረስ ነው።

ቅየራው ሌላ ነገር ነው። የካምና የክራንክ ምልክቶች መግጠም አለባቸው፤ ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን በእጅ፣ በመፍቻ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ እንደገና ማየት ግድ ነው፤ ክራንክ ሁለቴ ሲዞር ካም አንዴ ነውና። በእጅ ሲዞር ቆርጦ የሚይዝ ከሆነ አያስገድዱት። ይህን ያላደረገ መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ቢሠራም ያው ነው።

የናፍጣ መካኒክ፦ መምህር፣ ምርመራውን ተቀብያለሁ። ቅየራውን ግን በናፍጣ ላይ አሁንም አልቀበልም። የክራንክ ፑሊው ቡሎን ብቻውን በቤት መሣሪያ አይፈታም፤ ሰዉ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ከሥሩ ገብቶ ይታገላል። ሰው የሚሞተው እዚያ ነው።

ባለ ኮሮላው፦ በክሪክ ብቻ መግባት የለበትም፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን የጋራዡስ ሥራ? ቺንጋ ብቻ ቀይረው ቺንጋውን የሚወጥረውን ኩሽኔታ አሮጌውን ይተዉታል፤ እሱ ሲነክስ አዲሱ ቺንጋ አብሮ ይሄዳል። ዳሽቦርድ ላይ ቲ-ቤልት (ታይሚንግ ቺንጋ) የሚለውን መብራት አጥፍተው «ተቀይሯል» ያሉም አሉ። መብራቱ በብዙዎቹ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ ቆጣሪ ነው እንጂ ቺንጋውን አያይም። ያገለገለ መኪና ሲገዛ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነማ እሱም ዋጋ የለውም።

ባለ ቪትዝ፦ ታዲያ ጋራዥ ስንሄድ ምን እንጠይቅ?

የቴክኒክ አስተማሪ፦ አሮጌውን ቺንጋና ኩሽኔታ በእጅሽ ይስጡሽ፤ የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር ሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ዕቃውን ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ራስሽ ከገዛሽ ደረሰኝ ተቀበዪ፣ ቁጥሩንም ከአሮጌው ጋር አስተያዪ።

የናፍጣ መካኒክ፦ አሮጌውን ዕቃ ካልሰጠሁ ሒሳብ አልቀበልም፤ ሌሎቹም እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።