ለሚነሳ የመኪና ጣሪያ የትኛው የዝናብ ሽፋን ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን ነው የምኖረው። የ2012 ቮልስዋገን ካሊፎርኒያ (ውስጡ የሚታደርበት መኪና) አለኝ፤ ጣሪያው ወደ ላይ ይነሳል፣ ጎኑ ሸራ ነው። ሁለቱ ልጆቼ የሚተኙት እዚያ ነው። በጥቅምት ወደ ሰሜን ባሕር ልንሄድ ስላሰብን ሽፋን እየፈለግኩ ነው።

መጀመሪያ ተራ የፕላስቲክ ሸራ ገዝቼ በላስቲክ ገመድ አሰርኩት። ዝናቡንስ ያዘልኝ። ግን ጠዋት ሳየው የጣሪያው ሸራ ውስጡ በትንፋሽ እርጥበት ርሷል፤ የትንሿ ልጄ ብርድ ልብስ ጫፉ ሲጨመቅ ውኃ ያወጣል። ንፋሱም ፕላስቲኩን ሌሊቱን ሙሉ ሲያርገበግበው ማንም አልተኛም። መስኮት ከፈት አድርጌም ሞከርኩ፣ ለውጥ የለም።

አሁን ያገኘሁት ሁለት ዓይነት ነው፦ ውኃ የማያስገባ ግን አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ ወይም በግማሽ ዋጋ ወፍራም ፒቪሲ (አየር የማያሳልፍ ፕላስቲክ)። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ውስጡ ሳይረጥብ ዝናብና ንፋስ የቻለላችሁ የትኛው ነው?