የአውሮፓ የዓሣ ሕግ፦ ጤና ጥበቃ ወይስ በር መዝጊያ?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለዐቢይ ጾም ይደርስልኛል ብዬ ከዩጋንዳ አንድ ኮንቴይነር የቀዘቀዘ የናይል ፐርች (የሐይቅ ዓሣ) ፊሌቶ አዝዤ ነበር። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታመጡብኝ፤ የሚበላው ይገዛኛል።) ሮተርዳም ወደብ ላይ አስራ አንድ ቀን ቆመ። ዓሣው ምንም አልሆነም። የጤና ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው የፋብሪካው ፈቃድ ቁጥርና ካርቶኑ ላይ የታተመው በአንድ አሃዝ ተለያዩ። ምትክ ሰርተፍኬት እስኪመጣ የወደብ ኪራዩንም የኮንቴይነሩን መብራትም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

እና ጥያቄዬ፦ ይሄ ሁሉ ጥብቅነት ለበላተኛው ጤና ነው ወይስ የድሃ አገር ዓሣ እንዳይገባ? እኔ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፤ ተቆጣጣሪው የሚጠምደው ያገሩን ስም አይቶ ነው። ታሪኩን እዩት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1997 መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ኮሌራ አለ ተብሎ የኬንያ፣ የታንዛኒያ፣ የዩጋንዳና የሞዛምቢክ ትኩስ ዓሣ ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዳይገባ ታገደ፤ የቀዘቀዘው ደግሞ ሳይመረመር አያልፍም ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በምግብ ንግድ ኮሌራ የመዛመት ዕድሉ ትንሽ ነው፣ እገዳ አያስፈልግም ብሎ ነበር። እገዳው ግን እስከ 1998 አጋማሽ ቆየ። እስቲ ማነው ፊሌቶ በጥሬው የሚበላ? መጥበሻ ላይ የሚተርፍ ኮሌራ አለ?

ላብራቶሪ፦
ወንድሜ፣ ለአስራ አንዱ ቀን አዝናለሁ፤ ታሪኩን ግን ግማሹን ዘለልከው። ከኮሌራው በፊት የሳልሞኔላ (ምግብ የሚመርዝ ባክቴሪያ) ጉዳይ ነበር። ከኮሌራው በኋላ ደግሞ በ1999 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በፀረ ተባይ መርዝ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ ተባለ። ያን ጊዜ መጀመሪያ መላክ ያቆመችው ዩጋንዳ ራሷ ናት፤ ኅብረቱ ከዚያ በኋላ ነው የዘጋው። ዓሣው ሁሉ ተመርዟል ያለ የለም። አለመመረዙን ናሙና ወስዶ፣ ፈርሞ የሚያረጋግጥ አስተማማኝ አካል ግን አልነበረም። ተቆጣጣሪው ሲጠናከር፣ ዓሣ የሚወርድበት ዳርቻ ሲስተካከል፣ ምርመራው መስመር ሲይዝ ገበያው ተከፈተ። በጥቂት ዓመት ውስጥም የዩጋንዳ የዓሣ ሽያጭ ከእገዳው በፊት ከነበረው በለጠ። በር ለመዝጋት የተነሳ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ሐይቅ ዳር፦
በጠቅላላው በለጠ፣ እሺ። ዋጋው የወደቀበት፣ መረቡን ሰቅሎ የተቀመጠው ጀልባ ያለው ሰውዬስ? እገዳውን የወሰነው ብራስልስ ነው፤ የከሰረው እሱ።

ላብራቶሪ፦
እዚህ ላይ እስማማለሁ። የኮሌራውን እገዳ እኔም አልከላከልለትም። የመርዙን ግን እከላከላለሁ፤ አንድ ላይ አትስፋቸው።

እማማ ሱቅ፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ብራስልስ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ሚዛን ልንገራችሁ። ሱቄ ፍራንክፈርት ነው። አንዱ ነጋዴ በቅናሽ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ (ትንንሽ የባሕር እንስሳ) አመጣልኝ፤ ከረጢቱ ላይ 1 ኪሎ ይላል። አንዲት ደንበኛዬ አኩርፋ ተመለሰች፣ "እትዬ፣ ውሃ ነው የሸጥሽልኝ" አለችኝ። አላመንኳትም። ማታ አንዱን ከረጢት ከፍቼ በወንፊት አድርጌ፣ በረዶው ብቻ ሟሙቶ እስኪወርድ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩበትና መዘንኩት። 740 ግራም! ከሩቡ በላይ በረዶ ነው። ሕጉ ደግሞ ክብደቱ ሲጻፍ ዓሣው የለበሰው በረዶ አይቆጠርም ይላል፤ ነጋዴው አያውቅም እንዳልል ያውቃል። እና እኔ ሕጉ ጠበቀ ብዬ አላለቅስም። ላላ እንጂ።

የቀይ ባሕር ልጅ፦
እትዬ ሚዛኑ ላይ ልክ ነዎት፤ እሱ ማጭበርበር ነው፣ የሚከራከርለት የለም። የኔ ጥያቄ እርባታ ሽሪምፕ ውስጥ ስለሚገኝ የመድኃኒት ቅሪት ነው። ክሎራምፌኒኮል የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ የዓይን ቅባት ነው፤ ስንቶቻችን ተቀብተን አድገናል። እዚህ ግን እርባታ ሽሪምፕ ውስጥ በኪሎ 0.15 ማይክሮግራም ከተገኘ ጭነቱ ይወገዳል ወይም ይመለሳል። ድሮ 0.3 ነበር፤ በ2022 መጨረሻ ዝቅ አደረጉት። በመካከሉ መድኃኒቱ የባሰ አደገኛ ሆነ? አልሆነም። መሣሪያው ነው ረቂቅ የሆነው። ማሽን በተሻሻለ ቁጥር አዲስ ጥፋተኛ ይወለዳል ማለት ነው። ያን ማሽን ደግሞ የሚገዛው ባለጸጋ ነው።

ላብራቶሪ፦
ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ጠንካራው። ቁጥሩ ማሽኑ ሊያይ የሚችለውን እየተከተለ የመጣ መሆኑ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን አለው፦ ክሎራምፌኒኮል አልፎ አልፎ የሰው መቅኒ ደም ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል፤ "እስከዚህ ድረስ ብትበሉ ምንም አይላችሁም" የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ለታመመ ሰው ሐኪም አመዛዝኖ ያዝዘዋል። እራቴ ላይ ግን ማን አመዘነልኝ?

የቀይ ባሕር ልጅ፦
እሺ፣ እሱን ተቀበልኩ። የማጥመጃ ሰርተፍኬቱስ? ከ2010 ጀምሮ ዓሣው በየትኛው ጀልባ፣ የት እንደተያዘ ካልተጻፈ አይገባም። የቪክቶሪያ ሐይቅ ታንኳ ያንን ከየት ያመጣል?

ትራንዚተር፦
ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ላርም። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ከዚያ ሰርተፍኬት ውጭ ነው። ሐይቅ ዳር ፊሌቶውን ያመጣው ያለሱ ነው፣ ጠይቁት። ያ ሕግ ለባሕር ነው፤ ሕገወጥ አጥማጅን ለመያዝ። ታይላንድ በ2015 ቢጫ ካርድ (የኅብረቱ ማስጠንቀቂያ) ተሰጥቷት በ2019 መጀመሪያ ነው የተነሳላት፤ በመካከሉ የመርከብ ቁጥጥሯን ከላይ እስከ ታች ቀየረች።

ሌላው፣ ተቆጣጣሪው ያገሩን ስም አይቶ ነው የሚጠምደው ለሚለው። በከፊል እውነት ነው፦ ለምሳሌ ከሕንድ ከሚመጣው የእርባታ ሽሪምፕ ግማሹ ጭነት ናሙና እንዲወሰድበት በ2016 ተወስኗል። በተረፈ ግን የቆምኩበትን ልንገራችሁ። የኮንቴይነሩ በር ሲከፈት ጭስ የመሰለ ጉም ይወጣል። ተቆጣጣሪው ካርቶን ከፊት አይወስድም፣ ከመሃል ያስወጣል። እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘውን ዓሣ በመሰርሰሪያ ይበሳና ቴርሞሜትሩን ቀዳዳው ውስጥ ያስገባል። ዝም ብለን እንጠብቃለን። ከዜሮ በታች 18 ነው የሚፈልገው፤ በጉዞ ላይ ለአጭር ጊዜ እስከ 3 ዲግሪ ቢዋዥቅ ይታለፋል። አንድ ቀን ከዜሮ በታች 11 ብቻ አሳየ። የስፔን ኩባንያ ጭነት ነበር። እሱም ቆመ።

ሐይቅ ዳር፦
የስፔኑ ኩባንያ ጠበቃ አለው፣ ሁለተኛም ሦስተኛም ኮንቴይነር አለው። እኔ ያለኝ አንድ ነው። ሕጉ ለሁለታችንም አንድ መሆኑን አልካድኩም፤ አንድ የአሃዝ ስህተት እሱን ያስነጥሰዋል፣ እኔን ይቀብረኛል ነው የምለው። ቢያንስ ለጽሕፈት ስህተት የ48 ሰዓት ማስተካከያ፣ ያለ ኪራይ፣ ቢሰጡ ማን ይጎዳል?

ላብራቶሪ፦
ማንም አይጎዳም። ይህን ጥያቄ አድርገህ ብትጀምር እኮ አንከራከርም ነበር።

እማማ ሱቅ፦
እና ፊሌቶው አሁን የት ነው? ሁዳዴ እኮ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ።

ሐይቅ ዳር፦
ትናንት ወጣ እትዬ። አርባ ካርቶን ላስቀምጥልዎት?

እማማ ሱቅ፦
ሃያ። መጀመሪያ አንዱን በወንፊት አያለሁ።

ትራንዚተር፦
ለሚቀጥለው ጭነት ደግሞ ላኪህ ሰርተፍኬቱን ሳያስፈርም ረቂቁን ከካርቶኑ ፎቶ ጋር በቴሌግራም ላክልኝ። የፈቃድ ቁጥሩን እኔው አስተያየዋለሁ።