በ9 ኪሎ ሜትር ላይ 18 ዲቢ የት ገባ? የምታውቁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከከተማ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ለማሻገር በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ሬዲዮዎችን ከሳህን አንቴና ጋር ተክለናል። ርቀቱ 9 ኪሎ ሜትር ነው። በጠራ ቀን የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ከዚህ ሲያብረቀርቅ ይታያል።

የእያንዳንዱ አንቴና ሲግናል የማጠናከር አቅም 25 ዲቢ (ዴሲቤል፣ ሲግናል ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚለካበት)፣ የማሰራጫው ኃይል 24 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዲቢ የተለካ ኃይል) ነው። በዚህ ርቀት ክፍት አየር ላይ የሚባክነው 127 ዲቢ ገደማ ስለሆነ ሲግናሉ -53 ዲቢኤም አካባቢ መሆን ነበረበት። የሚደርሰን ግን -71 ነው፤ 18 ዲቢ ጎድሏል። ኬብሉን እንዳልጠረጥር ሬዲዮው ከአንቴናው ጋር አንድ ላይ የተገጠመ ነው።

በመካከል ባሕር ዛፍ አለ። የዛፎቹ ጫፍ ከቀጥታው መስመር 4 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ የፍሬኔል ዞን (ሞገዱ በደንብ እንዲያልፍ በቀጥታው መስመር ዙሪያ ክፍት መሆን ያለበት ቦታ) ራዲየስ ደግሞ እዚያ ላይ 11 ሜትር ይጠጋል። ጥቂት ዲቢ ሊወስድብን ይችላል፤ 18 ግን አይመስለኝም።

ይበልጥ የምጠረጥረው አንዱ አንቴና በዋናው ጨረር ሳይሆን በጎን ጨረሩ (አንቴናው ከዋናው አቅጣጫ ውጭ በሚለቀው ደካማ ጨረር) እየተያየ እንደሆነ ነው። የትምህርት ቤቱ ምሰሶ ግድግዳ ላይ ስለተጣበቀ ሳህኑ ወደ ቀኝ እንደልብ አይዞርም። ምሰሶውን ከመንቀላችን በፊት ይህን ያለ ልዩ መሣሪያ ማረጋገጥ የሚቻለው እንዴት ነው? መጀመሪያ የትኛውን ጫፍ እናዙር?

ዕቃ ሻጩ «ወደ 60 ጊጋኸርዝ ቀይሩት» ይለናል። በዚያ ሞገድ ኦክስጅን ብቻውን በየኪሎ ሜትሩ 15 ዲቢ ገደማ ይውጣል! ስለዚህ እባካችሁ ያንን ምክር አትድገሙልን።