ስለ ነሐሴው የሳይክል ጉዞ፦ ከሆቴሉ በፊት ባቡሩን ያዙ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰብ ልጠይቅ መጥቼ ባህር ዳር ነኝ፤ የእህታችንን ጥያቄ ያየሁት ዛሬ ማታ ነው። አራት የባህር ዳር ልጆች ጀርመን ካለው ቤታቸው ተነስተው በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ መካከል ያለውን ቦደንዜ ሐይቅን በሳይክል ሊዞሩ አስበዋል። እኔ ባለፈው ነሐሴ ከታናሽ ወንድሜና ከአክስቴ ልጅ ጋር ዞሬዋለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ።

መንዳቱ አያሳስባችሁ። ሁላችንም ዘንባባው ሥር በኪራይ ሳይክል እየወደቅን ነው የተማርነው። የቦደንዜ ዳርም እንደ ከተማችን ባብዛኛው ሜዳ ነው። የሚያስቸግረው ባቡሩ ነው፤ እሱን ደግሞ ባህር ዳር ላይ ሳናይ ነው ያደግነው። ስለዚህ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ለሳይክሎቹ ባቡር ላይ ቦታ ያዙ። ማደሪያችሁንም ጣቢያ ያለበት ከተማ አድርጉት። አንዳችሁ ጉልበቱ እንቢ ቢለው በባቡር ቀድሞ ይጠብቃል።

እኛ ስንመለስ ምንም ሳንይዝ ሄድን። እሁድ ከሰዓት ነበር። ሳይክል የሚገባበት ፉርጎ እስከ በሩ ሞልቷል። ሁለት ባቡር አለፈን። ሦስተኛው ላይ ለሁለት ሳይክል ብቻ ቦታ ተገኘና ወንድሜ ብቻውን ቀረ። ቤቱ የገባው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ እኔም እስኪደውል እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አይ ሲ ኢ እና አይ ሲ በሚባሉት የረጅም መንገድ ባቡሮች ላይ ሳይክል ቀድሞ ቦታ ካልተያዘለት አይገባም። አይ ሲ ኢ 4 በሚባለው ዓይነት ላይ እንኳ ያለው ቦታ ስምንት ነው፤ እናንተ አራት ስለሆናችሁ ግማሹን ትፈልጋላችሁ። የክልል ባቡሮች ላይ ግን ባብዛኛው ቀድሞ የደረሰ ነው የሚገባው። ዶይችላንድ ቲኬት፣ ማለትም ለክልል ባቡሮች የሚያገለግለው ወርሃዊ ትኬት፣ የእናንተን መንገድ እንጂ የሳይክሉን አይከፍልም። የሳይክሉን ለብቻ ጠይቁ፤ አንዳንድ ክልል ውስጥ ከሥራ መግቢያ ሰዓት ውጪ ነፃ ነው። ታጣፊ ሳይክል ከታጠፈ እንደ ሻንጣ ይቆጠራል። ከካርልስሩኸ ሳትቀይሩ ኮንስታንዝ የሚያደርስ የክልል ባቡር አለ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በሥራ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ተሳፈሩ።

የጎን ቦርሳዎቹን ባቡሩ ሳይመጣ አውርዱ። ሲቆም የሳይክል ሥዕል ያለበትን በር ፈልጉ። አንዱ ይግባና ይቀበል፣ ሌላው ከታች ያቀብል፣ የቀሩት ቦርሳውን ይያዙ። ገብታችሁም ሳይክሉን እሰሩት። የእኔ ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ተንሸራቶ የሕፃን ጋሪ አጠገብ ወደቀ። ልጁ አልተነካም እንጂ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነሳሁት።

ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ተጻጻፉ። የአክስቴ ልጅ ከአገር ከመጣ ገና አራት ወሩ ነበር። «በሁለት ሰዓት ጣቢያ እንገናኝ» ስለው የፈረንጁ መስሎት ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ነበር። ደግነቱ ማታውኑ ደወለ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ሙሉው ዙር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮንስታንዝ ወደ ሜርስቡርግ በፌሪ 15 ደቂቃ ከተሻገራችሁ ግን ብዙ ይቀንስላችኋል፤ አራት ቀን ይበቃል። የመጀመሪያውን ሌሊት ፍሪድሪሽስሃፈን፣ ሁለተኛውን ብሬገንዝ፣ ሦስተኛውን ሮማንስሆርን እደሩ፤ በአራተኛው ቀን ኮንስታንዝ ትመለሳላችሁ። በዚህ አቅጣጫ ሐይቁ በቀኛችሁ ስለሚሆን ለውሃው ቅርብ ናችሁ። ከብሬገንዝ ሮማንስሆርን ያለው ቀን ይረዝማል፤ ከደከማችሁ ሮርሻኽ ላይ ባቡር ያዙ። የመንገድ ምልክቱ የኋላ ጎማው ሰማያዊ የሆነ ሳይክለኛ ነው።

ብሬገንዝን አለፍ ብላችሁ ራይን ወደ ሐይቁ ሲገባ ስታዩ ግልገል ዓባይ ትዝ ይላችኋል። ኮንስታንዝ ላይ ደግሞ ከሐይቁ ሲወጣ ታያላችሁ። ወንድሜ ሳይክሉን ድልድዩ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ። «ልክ የእኛ የዓባይ ድልድይ» አለኝ። ከኮንስታንዝ ቀረብ ብሎ ራይኸናው የሚባል ደሴት አለ። ገዳሙ የተመሠረተው በ724 ነው፤ ዛሬ መንገድ ስለተሠራለት በሳይክል ይገባል። ክብራን ገብርኤልን በጀልባ እየተሳለመ ያደገ ሰው ግማሽ ቀን ቢሰጠው አይቆጭም።

አሁን የወረቀቱን ነገር አደራ። ይህ መንገድ ሦስት አገር ይነካል፦ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ። ሦስቱም ሸንገን ናቸው፣ ማለትም በመካከላቸው ያለ ድንበር ቁጥጥር ለመዘዋወር የተስማሙ አገሮች ናቸው፤ ቢሆንም ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ዋናውን ያዙ፣ ሁለቱም ጊዜያቸው ያላለፈ ይሁን። ከመካከላችሁ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀና ጌሽታቱንግ (ለጥገኝነት ጠያቂ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ወረቀት) የያዘ ካለ ድንበር እንዳይሻገር። ያ ማለት ግን ይቀራል ማለት አይደለም። ከኮንስታንዝ በፌሪ ተሻግራችሁ፣ ብሬገንዝ ሳትደርሱ እስካለችው እስከ ሊንዳው ያለው ዳርቻ ጀርመን ነው፤ በሳይክል ሄዶ በባቡር በዚያው መመለስ ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ እባካችሁ አራታችሁም ይህኛውን አድርጉ። ከአካባቢ መውጣት የተከለከለም ካለ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስዊዘርላንድ በፍራንክ ነው የምትከፍሉት። የስልክ ዳታችሁም የአውሮፓ ኅብረት ሮሚንግ ደንብ እዚያ ስለማይሠራ ድንበሩ ላይ አጥፉት፤ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ነሐሴ 1 በእነሱ ኦገስት 7 ነው፤ ፍልሰታን የምትጾሙ መንገድ ላይ የጾም ምግብ እንደ ልብ አታገኙም። እኛን ያዳነን በሶ ነው። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ከሰዓት በኋላ ጉልበት ሲከዳ ወዲያው ይታወቃችኋል።

እናቴ ነገ ገብሱን ልታስፈጭ ነው። ለአራታችሁም አመጣለሁ፤ አድራሻችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።