ራሴን ከጓደኞቼ ጋር ማወዳደር እንዴት ላቁም?

የቡሬው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ አብረን ከተመረቅነው አንዱ ባሕር ዳር ቤት ሠርቷል፣ ሌላው አይሱዙ ገዝቷል። እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ግን ማታ ፌስቡክ ስከፍት ውስጤ ይቃጠላል። እናቴም «የነ እገሌ ልጅ ለእናቱ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰላት» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ዳሞት፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ያንተ ብቻ አይደለም። ፌስቲንገር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ራሱን በሰው ይለካል፣ ያውም በሚመስለው ሰው። ለዚህ ነው የማታውቀው ቢሊየነር ሳያሳስብህ የክፍል ጓደኛህ እንቅልፍ የሚነሳህ። እና የራስህን መለኪያ ያዝ። መስከረም ላይ «ሀ»ን ከ«ሐ» የማይለዩት ልጆች ሰኔ ላይ ያነባሉ? እሱን ጻፈው፣ በየወሩ።

እታለም፦ ፎቶው ላይ ብድሩ አይታይም እኮ! የሚያምህን ሰው ገጽ መከተል አቁም፣ ጓደኝነታችሁ አይፈርስም፣ እሱም አያውቅም። እናትህን ግን ዝም አትበላት፤ ቡና ላይ «እማ፣ እንዲህ ስትይኝ ይከፋኛል» በላት። ልጇን ማስከፋት የምትፈልግ እናት የለችም።

የቡሬው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እሑድ አነጋግራታለሁ።