ስለ አክሱም ሐውልት ስገጥም ቤቱ ለምን ይሰበራል?

ጠያቂ፦
በወል ቤት ልጽፍ ሞክሬ ሁለተኛው ስንኝ ያነክሳል፦
የጀግኖች አባቶች፣ የነጻነት አርማ
ከሮም የተመለሰው፣ ታላቁ ባለ ግርማ
ምኑ ጋ ነው ስህተቱ?

መልስ 1፦
ወል ቤት 6 ለ6 ነው፤ ስንኙ በሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ግማሽ 6 ቀለም (የድምፅ ቁራጭ) ይይዛል። በሁለተኛው 7 ለ7 ሆኖብሃል። ሲቆጠር ፊደል ሳይሆን ድምፅ ነው፤ «ሮም» ሁለት ፊደል ቢሆንም አንድ ቀለም ነው። «ከሮም ተመልሶ፣ ቆመ ባለ ግርማ» ብትለው ይገጥማል።

መልስ 2፦
ልኩ ተስተካክሏል፤ ትልቁ ችግር ግን የመጀመሪያው ስንኝ ነው፤ ለየትኛውም ሐውልት ይሆናል። «ነጻነት»ን አትጥራው፣ ድንጋዩ ይናገር። 24 ሜትር ነው፤ የማይከፈት በርና መስኮት ተቀርጾበታል። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወሰደ፣ በ2005 በሦስት ክፍል ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 ቆመ። ለምሳሌ፦
መስኮትህ ዓለት ነው፣ በርህ የማይከፈት
ማን ገብቶ ማን ወጣ፣ ከዚህ የድንጋይ ቤት?

መልስ 3፦
እስማማለሁ። ወድቆ የተሰባበረው 33 ሜትር የሚደርሰው ሌላ የአክሱም ሐውልት ነው፤ ብዙ ገጣሚ ሁለቱን ያደባልቃል። ደግሞ «አርማ» እና «ግርማ» እጅግ የተለመደ ቤት መምቻ ስለሆነ አንባቢው ቀድሞህ ይጨርሰዋል።